ከሶኬት ተነቀለ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ቤቴ ተቀምጬ የሰው ሒሳብ የምሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የኤሌክትሪክ ትምህርት የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እቤቴ የደረሰው ነገር በሌላ ሰው ቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው። ቦታ ከተገኘ ሳይቆረጥ እንዲወጣልኝ እለምናለሁ።

ጠረጴዛዬ ሥር ዩፒኤስ ነበረኝ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ያ ጥቁር ሳጥን ማለቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ኖሯል። ስገዛው ከካርቶኑ አወጣሁት፣ ሰካሁት፣ ከዚያ ረሳሁት። ግራና ቀኙ የወረቀት ፋይል ነበር። ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ማታ ማታ ሲጮህ ልጄን ስለሚቀሰቅሳት ደግሞ ላዩ ላይ የታጠፈ ፎጣ አድርጌበት ነበር።

አንድ ማታ ልጄ «እማዬ፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸተኛል» አለችኝ። መጀመሪያ ወጥ ቤት ሄድን። ምንም የለም። ሽታው የመጣው ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ፎጣውን ሳነሳው ሳጥኑ እጅ አያስነካም። አንዱ ጎኑም ወደ ውጭ አብጧል። ደንግጬ ከግድግዳው ሶኬት ነቀልኩት። ወዲያው ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም።

ታናሽ ወንድሜ እኛ ጋ ነበር። ካቻቢቴ አምጥቶ ሳጥኑን ገለበጠና የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረ። «ተይ እንጂ፣ ነቅለነዋል እኮ!» አለኝ። እኔም አመንኩት። ልጄ ግን ሮጣ ጎረቤታችንን ጠርታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። በር ላይ ሆነው «አንተ ልጅ፣ እጅህን አንሳ! ከግድግዳ ነቀላችሁት እንጂ አላጠፋችሁትም!» ብለው ጮኹ። ገብተው የፊት ማጥፊያውን ተጭነው ያዙ። ያኔ ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ ጩኸቱም ቆመ። መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጡን።

ሽታው ከመጠን በላይ ቻርጅ ከሆነና ከተበላሸ የእርሳስ ባትሪ የሚወጣ ጋዝ መሆኑን የነገሩን ውጭ ቆመን ነው። ሲተነፍሱት ይጎዳል። ከሽታው የከፋው ደግሞ አፍንጫ ቶሎ ስለሚለምደው ሰው «አሁን ጠፋ» ብሎ ተመልሶ መግባቱ ነው። ሳጥኑን ያን ማታ ማንም አልነካውም። በማግሥቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ራሳቸው መጥተው ከፈቱት። ባትሪው ከማበጡ የተነሳ ከማስቀመጫው አልወጣ ብሎ ብዙ አስቸገራቸው።

ወንድሜ እጁን ሊያስገባ የነበረበትን ቦታ አሳዩኝ። ዩፒኤስ ውስጥ ባትሪ አለ። ከባትሪው ቀጥሎ ኢንቨርተር አለ፤ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ግድግዳው ቮልቴጅ የሚያሳድገው እሱ ነው። ከሶኬት ስንነቅለው ሳጥኑ መብራት የጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ የተሠራበትን ሥራ ይጀምራል። ከጀርባው ባሉት ሶኬቶች ላይ ሰው የሚገድል ኮረንቲ አለ ማለት ነው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ስንነቅለው ይሞታል፤ ይሄኛው ስንነቅለው ነው የሚነሳው። ጠፋ የሚባለው ማጥፊያው ሲጫን፣ ከዚያ ከግድግዳ ሲነቀል፣ ከዚያም የባትሪው ሽቦ ሲለያይ ነው። የውስጥ ካርዱን መንካት ግን ያኔም ቢሆን የባለሙያ ሥራ ነው። ውስጡ ካሉት ዕቃዎች አንዳንዶቹ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ዕቃ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ እጠይቃለሁ። ብዙው ስህተቴ የአቀማመጥ ነበር። የእርሳስ ባትሪ ሙቀት አይወድም። የሚስማማው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል ይላሉ ባለሙያዎቹ። በደህና ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያገለግል ባትሪ ነው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ በፎጣ ሸፍኜ፣ በወረቀት አጥሬ አበሰልኩት። አሁን የማስቀምጠው በየጎኑ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ትቼ ነው። ፀሐይ አያገኘውም፣ ውሃ አይረጭበትም፣ ወረቀትና መጋረጃ አጠገቡ የለም። ጩኸቱ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ ብዙዎቹ ዩፒኤሶች ላይ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል። መመሪያው ላይ አለ። በጨርቅ አትሸፍኑት።

ሁለተኛው ጉዳይ ጭነት ነው። የእኔው ካርቶን ላይ በትልቁ 650 ቪኤ ይላል። እኔ 650 ዋት ማለት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከጀርባው በትንሹ 360 ዋት ተብሎ ተጽፏል። የሚሸከመው ያንን ነው። በዚህ ላይ ኮምፒውተሬ 180 ዋት ገደማ፣ ስክሪኑ 30፣ የኢንተርኔቱ ሳጥን 10 ይወስዳሉ። ድምሩ 220 ነው። ጥሩ ነው፤ ትርፍ አለው። እኔ ግን ሌዘር ፕሪንተሬንም እዚያው ሰክቼ ነበር። ሌዘር ፕሪንተር ወረቀቱ ላይ ቀለሙን የሚያጣብቀው በሙቀት ነው። ሲሞቅ ለአፍታም ቢሆን እስከ 1000 ዋትና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ሌላ ጊዜ ዩፒኤሱ ሳይቋረጥ ሲጮህ የነበረው ለካ «ከአቅሜ በላይ ነው» እያለኝ ነበር። ካውያ፣ ውሃ ማፍያ፣ ማሞቂያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ሞተር ያለው ዕቃ፣ እነዚህ ሁሉ በትንሽ ዩፒኤስ ላይ አይሰኩም።

ማከፋፈያ ገመድም ነገር አለው። ዩፒኤሱን ራሱን ግድግዳው ላይ በቀጥታ መሰካት ነው። ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ እየቀጠሉ መሄድ ገመዱን ያግላል። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ላይም አይሰካም። ሳጥኑ ድንገተኛ ከፍተኛ ኮረንቲ ሲመጣ የሚያሳልፈው ወደዚያ ነው። መስመሩ ከሌለ የሚያሳልፍበት የለውም። እኔ ሶኬቴን ባለሙያ አይቶልኝ ነው የተረጋጋሁት። ደግሞም ከጀርባ ካሉት ሶኬቶች ሁሉም ባትሪ ያላቸው አይደሉም። በአንዳንዱ ዩፒኤስ ላይ ግማሾቹ ከድንገተኛ ኮረንቲ ይከላከላሉ እንጂ መብራት ሲጠፋ አይሠሩም። ጽሑፉን ማየት ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ የዩፒኤሱ ደቂቃ አነሰኝ ብሎ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባትሪ አውጥቶ ትልቅ የመኪና ባትሪ በረጅም ሽቦ ቀጠለበት። ይህን ብልሃት የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ የማውቃቸው ብቻ ሦስት ናቸው። ሁለት ሰዓት ሠራለት። ደስ አለው። ያላሰበው ግን ሳጥኑ የተሠራው ለጥቂት ደቂቃ መሆኑን ነው። እኔው ጋ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው። በፍጥነት ሲጨርሱት ደግሞ ያንንም ሙሉውን አይሰጥም። በእኔ 220 ዋት አዲስ ሆኖ የሚያቆየኝ 7 ደቂቃ ያህል ነው። የውስጡ ሽቦና ማቀዝቀዣ ለዚያች ደቂቃ የተመጠነ ነው። ሁለት ሰዓት ሲያሠሩት ይግላል። ቻርጀሩም ትንሽ ነውና ትልቁን ባትሪ በቅጡ ሞልቶ አይጨርሰውም። ውሃ የሚሞላበት የመኪና ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። የአክስቴ ልጅ ያስቀመጠው አልጋው ሥር ነበር። ሽቦው ላይ ፊውዝ አልነበረውም። አንድ ቀን የሽቦው ላስቲክ ቀልጦ ጠረኑ ቀሰቀሰው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል።

ረጅም ሰዓት የምትፈልጉ ከሆነ ለረጅም ሰዓት የተሠራ ኢንቨርተር፣ ለሱ የሚሆን ባትሪና ቻርጀር በአንድ ላይ ግዙ። ባለሙያ ይግጠመው። ባትሪው አጠገብ ልኩን የጠበቀ ፊውዝ ይኑረው፤ ሽቦው ወፍራም ይሁን፤ ክፍሉ አየር ያግኝ። የሊቲየም ባትሪ ከሆነም ለእርሳስ ባትሪ በተሠራ ቻርጀር እንዳትሞሉት።

እኔ በመጨረሻ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ጎረቤታችን ቆመው እያዩኝ ራሴ ቀየርኩት። መጀመሪያ ያሉኝ «ልጄ፣ ቀለበትሽን አውልቂ» ነው። የጋብቻ ቀለበቴን ከጣቴ አውጥቼ አላውቅም ነበር። ሁለቱን የባትሪ ጫፎች በብረት ካገናኘሽ ቀለበቱ በሰከንድ ውስጥ እንደ ፍም ይቀላል፣ ጣትሽንም ይዞ ይሄዳል አሉኝ። ሰዓቴንም አወለቅኩ። እጀታው የተሸፈነ መፍቻ ሰጡኝ። ቀይ በቀይ፣ ጥቁር በጥቁር መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ ሰካሁ። ቮልቱ፣ አምፔር ሰዓቱና መጠኑ ከድሮው ጋር አንድ ነው። ሁለት ባትሪ የያዘ ዩፒኤስ ያለው ሰው ሁለቱንም አብሮ ይቀይር፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። ከቀየርኩ በኋላ ምንም ሳልሰካበት ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አደረግኩት። አራት ዓመት አገልግሎ ያበጠውን አሮጌ ባትሪ ቆሻሻ ውስጥ አልጣልኩትም። እርሳስና አሲድ ነው። ያገለገለ ባትሪ ለሚሰበስቡ ሰጠሁት።

በየሦስት ወሩ እፈትነዋለሁ። ሥራዬን አስቀምጬ የግድግዳውን ሶኬት በማብሪያ ማጥፊያው አጠፋለሁ፤ ማብሪያ ማጥፊያ ከሌለው ብሬከሩን። ፕላጉን መንቀል አይመከርም፤ የመሬት መስመሩም አብሮ ይነቀላልና። ስንት ደቂቃ እንደቆየ እጽፋለሁ። 7 የነበረው 3 ሲሆን ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ሳይሰካ የሚቀመጥ ዩፒኤስ ካለም በየሦስት ወይም ስድስት ወሩ ቻርጅ ይደረግ፤ ባዶውን የከረመ የእርሳስ ባትሪ አይመለስም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሕመምተኞች። የወዳጄ እናት በኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ ነው የሚተነፍሱት። ወዳጄ እንደ እኔው ያለ ዩፒኤስ ገዝታ ተረጋግታ ነበር። የእናቷ መሣሪያ 350 ዋት ይላል። ይህ ትንሹን ሳጥን እስከ አፉ የሚሞላ ነው። ቢይዝም ለጥቂት ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያላችሁ ሐኪሙንና መሣሪያውን ያመጣላችሁን ሳትጠይቁ በትንሽ ዩፒኤስ አትተማመኑ። የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር በቅርብ ይኑር። ባትሪውንም ከኦክስጅኑ አርቁት።

ጭስ ካያችሁ ውሃ አትድፉበት። ከተቻለ ከብሬከሩ ላይ አጥፉ። ለኤሌክትሪክ እሳት የሚሆን የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ከሌላችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና እሳት አደጋ ጥሩ።

ሻጮችንና አስመጪዎችን በጋዜጣችሁ በኩል አንድ ነገር እለምናለሁ። የእኔ ካርቶን ውስጥ የነበረው መመሪያ በእኔ ቋንቋ አልነበረም፤ ፊደሉም ከጉንዳን ያነሰ ነው። ሁለት ሺህ ቃል አልፈልግም። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል፦ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደማይሰካበት፣ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ባትሪው መቼ እንደሚቀየር። ያቺ ገጽ ብትኖር ወንድሜ ካቻቢቴውን አያነሳም ነበር።

አሁን ሳጥኔ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ባዶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ባትሪው የተቀየረበትን ወርና ዓመት በፕላስተር ላይ ጽፌ ግንባሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ከሥሩ ልጄ በራሷ እጅ «መጀመሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ፕላጉ» ብላ ጨምራበታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ