ታጥቦ ስለተመለሰው የወታደር የአንገት መታወቂያ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፡- «አይታጠብም» ተብሎ የተፈረመበትን መታወቂያ ስላጠባችሁ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ በእጃችሁ ስላሉ የነገሩን መነሻ አልደግምም። ካልተነበቡ ከፍቶ ማንበብ የእናንተ ፈንታ ነው። አሁን የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ስለሆነው ነገር ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሱቃችሁ የተቀበልኩትን ፖስታ ባንኮኒው ላይ ስከፍተው፣ እውነተኛ መሆኑን እንድትመረምሩ ያስረከብኩት ያ ጥቁር ግራጫ የወታደር የቆርቆሮ መታወቂያ እንደ ሠርግ ማንኪያ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ የሌላ ሰው ዕቃ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ቁጥሩን ሳነበው የእኔው ነው። ባንኮኒው ላይ የነበረውን ወጣት «ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ቆሻሻ ይዞት ስለነበር አጸዳንልዎት አባባ። ለጽዳቱ አላስከፈልንም» አለኝ።

ደረሰኙን አውጥቼ አሳየሁት። ከሥሩ በአማርኛ፣ በራሱ በልጁ የእጅ ጽሑፍ «አይታጠብም፣ አይወለወልም» ይላል፤ ፊርማም አለበት። በአማርኛ ያጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ በኋላ አልተግባባንም እንዳይባል። ደረሰኙን አየት አደረገና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሰው ሲጸዳለት ያመሰግናል እንጂ ይቆጣል እንዴ?» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከኋላዬ ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር፤ አንዷ ሳቀች። ጢሜ ሸብቷል እንጂ የዚያ ልጅ አባት አይደለሁም። አባቱ ብሆን ኖሮ ደግሞ እንዲያ አይመልስልኝም ነበር።

ቆሻሻ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ፤ ሙያችሁ ነው ብላችሁ ስለምታስተዋውቁ ማስረዳቴ ራሴን ያሳፍረኛል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር መታወቂያ ጽሑፉ በግራፎታይፕ ማሽን ወደ ውስጥ የተጫነ ነው። በፊደላቱ ቦይ ውስጥ የተጋገረው ጥቁር ነገር የላብና የአፈር ውጤት ነው። ወታደሩ ሁለት መታወቂያ ስለሚያንጠለጥል ሁለቱ እርስ በርስ እየተፋጩ ጠርዛቸው ይለሰልሳል። ዛሬ አስመሳዮች ያንኑ አሮጌ ማሽን አግኝተው፣ ከዚያው ዘመን በተረፈ ባዶ ቆርቆሮ ላይ የፈለጉትን ስም ይጭኑበታል። ፊደሉም ቅርጹም ልክ ነው። እንዲህ ያለውን ከእውነተኛው ለመለየት ያለን ዋና መንገድ ያ ያረጀ ገጽታው ነው። እናንተ እንድትመረምሩት መቶ አርባ ዶላር የተከፈላችሁበትን ማስረጃ በጨርቅ ጠርጋችሁ ስታበቁ «ትክክለኛ መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ወረቀት ሰጣችሁኝ። በምን አረጋገጣችሁት? ታጥቦ ጭቃ ሲባል እሰማ ነበር፤ በገንዘቤ ሲደርስብኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ገመዱስ የት ገባ? መታወቂያው የመጣው በቢጫማ የጥጥ ገመድ ታስሮ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ተበጥሶ የተቋጠረ ነው። በምትኩ አዲስ የብረት ሰንሰለት አድርጋችሁ «ስጦታ» የሚል ወረቀት ለጥፋችሁበታል። ሰንሰለቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ።

ወደ ምስክር ወረቀቱ ልምጣ። «ቲ 42» የሚለውን «የ42ኛ ክፍለ ጦር አባል» ብላችሁ ተርጉማችሁታል። ቲ የቴታነስ ክትባት ነው፤ 42 ደግሞ የተከተበበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1942። ወታደሩን «በፈቃዱ የዘመተ» ብላችሁታል፤ ቁጥሩ በ33 ይጀምራል። የመጀመሪያው 3 በግዳጅ የተመለመለ መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ፔንስልቬንያን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ከሚያጠቃልለው ቀጠና መመልመሉን ያሳያል። ሦስተኛው መስመር ላይ የእናቱ ስም፣ ከሥሩም የፔንስልቬንያ አድራሻዋ አለ። የቤተሰብ ስምና አድራሻ መጻፍ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1943 ስለቀረ፣ መታወቂያው ከዚያ በፊት መሠራቱን ይህ ብቻውን ይነግራችሁ ነበር፤ ወረቀታችሁ ግን ስለ እናቱ አንድ ቃል አይልም። ጠርዙ ላይ ያለችውን ሽርፍ ደግሞ «በሟቹ ጥርስ መካከል የሚሰካበት» ብላችሁ ጽፋችኋል። ይህ የሰፈር ወሬ ነው። ሽርፏ ቆርቆሮው ማሽኑ ውስጥ ቦታውን ይዞ እንዲቀመጥ የተሠራች ናት።

የምዝገባ መረጃውን ለምን አላያችሁም ብዬ ስደውል፣ እርስዎ ራስዎ «በእሳት ተቃጥሏል» አሉኝ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ሴንት ሉዊስ ላይ በደረሰው ቃጠሎ ከ1912 እስከ 1960 ከሠራዊቱ የተሰናበቱ የምድር ጦር አባላት የግል ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ ወድሟል። ወታደሮቹ ሲመለመሉ የተመዘገቡበት መዝገብ ግን ሌላ ነው። ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ ስም ይዞ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። እኔ ሰፈሬ ካለው ቤተ መጻሕፍት ሆኜ በሩብ ሰዓት ውስጥ ስሙን ከነካውንቲው አገኘሁት። እናንተ ለዚያ «ፍለጋ» ከመቶ አርባው ላይ ሠላሳ አምስቱን ወስዳችኋል።

ከተነሳ አይቀር፣ ባለፈው መስከረም «በሦስት ሰዓት ይምጡ» ተብዬ ጠዋት በሦስት ሰዓት ደረስኩ። እስከ አራት በር ላይ ከቆምኩ በኋላ «ከሰዓት ማለታችን ነው፣ ይህ እኮ አሜሪካ ነው» ተባልኩ። በአማርኛ ሦስት ሰዓት ያለኝ ሰው በየትኛው አገር ሰዓት እንደሚቆጥር በምን ልወቅ? የመኪና ማቆሚያ ቅጣቱንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። የአባቴ ስም በሦስት ደረሰኝ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። አባቴ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመተ ሰው ነው፤ ስሙ እንዲህ ሲበላሽ ዝም ማለት አልችልም።

የወታደሩ የእህት ልጅ ፔንስልቬንያ ውስጥ አለች። አርጅታለች። መታወቂያውን ልሰጣት ቃል ገብቼ ነበር፤ እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነተኛ መሆኑን በጽሑፍ። አሁን የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮና በስህተት የተሞላ ወረቀት ይዤ ምን ልበላት?

ስለዚህ መቶ አርባ ዶላሬ ይመለስ። መታወቂያውን ያጠባችሁት እናንተ መሆናችሁን፣ ከመታጠቡ በፊት ባነሳችሁት ፎቶ ላይ የሚታየውንም ዘርዝራችሁ በድርጅቱ ማኅተም ጻፉልኝ፤ ያ ፎቶ አሁን ያለው ብቸኛ ማስረጃ ነውና ዋናው ይሰጠኝ፤ መስኮታችሁ ላይ የለጠፋችሁት ቅጂም ይነሣ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሌላ ነገር ልጠይቅ አላሰብኩም ነበር፤ ወረቀታችሁን ደግሜ ካነበብኩ በኋላ ግን ባለፈው ዓመት ያረጋገጣችሁልኝን የሁለቱንም መታወቂያዎች ክፍያ እንድትመልሱ እጠይቃለሁ፤ በዚያ ማረጋገጫ ላይም እምነት የለኝም። በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙን ይዤ ወደ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር ችሎት እሄዳለሁ። «አይታጠብም» የሚለውን ዳኛው ፊት የሚያስተረጉም ሰው አላጣም።

ገመዱ ግን አሥር ቀን አይጠብቅም። ቆሻሻ ተብሎ ካልተጣለ ፈልጉት፤ ቋጠሮውን አትፍቱት፣ አትጠቡት። ቅዳሜ በአራት ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ። በአበሻ ሰዓት ነው፤ ጠዋት፣ በር ስትከፍቱ።

ከሰላምታ ጋር
የሦስት ዓመት ደንበኛችሁ