ዝም ስላሉት ሁለት ፊደላት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ተወው ልጄ፣ ይኸ ጭንቅላት አርጅቷል፣ ከእንግዲህ እንግሊዝኛ አይገባውም» ካሉኝ ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። የጠየቁኝ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ሌሊትን «ናይት» (night) ለማለት አምስት ፊደል ምን ያደርጋል? ጂ እና ኤች መኻል ላይ ተገትረው ለምን ዝም ይላሉ? እኔ ግን ቸኩዬ «እንዲሁ ነው፣ ይሸምድዱት» አልኩዎት። እርስዎ ለእኔ እንዲያ ብለው መልሰው አያውቁም፤ ስለዚህ ይቅርታ እየጠየቅሁ አሁን በወጉ ልመልስ።

ልጅ ሳለሁ «ንጉስ» ብዬ ጽፌ ሳሳይዎት ስን በቀይ እስክሪብቶ ከበቡት። «ሁለቱም ያው አይደሉም እንዴ?» ብዬ ተነጫነጭሁ። አልተቆጡኝም። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሠረቀ እና ሰረቀ ብለው ጎን ለጎን ጻፉና፣ አንዱ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፣ ሌላው ሌባ ወሰደ ማለት ነው አሉኝ። በጥንቱ ግእዝ ድምፃቸውም የተለያየ እንደነበር፣ ድምፁ ሲጠፋ ፊደሉ እንደቀረ የነገሩኝ ያን ዕለት ነው።

አባባ፣ የጂ እና የኤች ነገርም ይኸው ነው። ዱሮ ይሰሙ ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረ እንግሊዛዊ ሌሊትን «ኒኽት»፣ ሴት ልጅን «ዶኽቶር» ይል ነበር። ድምፁ ከእኛ ኽ ብዙም አይርቅም። እጅዎን ከአፍዎ ፊት ያድርጉና ቀስ ብለው «ኒኽት» ይበሉ። መዳፍዎ ላይ የሚያርፈው ትንፋሽ፣ ዛሬ ሁለቱ ፊደላት በዝምታ የሚያመለክቱት እሱኑ ነው። ጀርመኖች አሁንም ሌሊትን «ናኽት» ይላሉ፤ በስኮትላንድ ንግግርም «ኒኽት» ይሰማል። የእኛ አፍ የጣለውን ሐን ትግርኛ ተናጋሪው እስከ ዛሬ ከጉሮሮው እንደሚያወጣው መሆኑ ነው።

በ1066 ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ልማድ ያላቸው ጸሐፍት የአገሬውን አጻጻፍ ለወጡት። ያን የጉሮሮ ድምፅ ቀስ በቀስ በጂ እና በኤች መጻፍ የተለመደው በእነሱ ዘመን ነው። ከዚያ በ15ኛው እና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ድምፁ ከአብዛኛው እንግሊዛዊ አፍ ጠፋ። ማተሚያ ግን በመኻሉ ገብቶ ነበር፤ ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያውን ከተከለ ወዲህ አጻጻፉ እየረጋ ሄደ፣ አነጋገሩ ግን መንገዱን ቀጠለ። ዛሬ የሚያነቡት አጻጻፍ ያኔ የነበረው ሰው ይናገረው የነበረውን ነው የያዘው።

ጭንቅላቴን የሰበረኝ ያሉት ገጽ ደግሞ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች በተርታ የሚመጡበት ነው። «ዶው» (dough)፣ «ስሩ» (through)፣ «ታፍ» (tough)፣ «ኮፍ» (cough)፣ «ባው» (bough)፤ አራቱ ፊደላት ያው ናቸው፣ ንባቡ ግን አምስት ዓይነት ነው። ይኼ የእርስዎ ድካም አይደለም፤ በቋንቋው የተወለዱ ልጆችም ይሳሳቱበታል። ፍ ከየት መጣ ቢሉ እንዲህ ያድርጉ፦ ከንፈርዎን አሹለው «ኡኽ» ይበሉ፣ ደጋግመው። ትንፋሹ ከጉሮሮ ለቆ ወደ ከንፈር ሲሸሽ ይሰማዎታል። በአንዳንዱ ቃል እንዲህ ፍ ሆኖ ቀረ፣ በሌላው ጨርሶ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ስሕተት አለ። «ዲላይት» (delight)፣ ደስታ የሚለው ቃል፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የጉሮሮ ድምፅም ኖሮት አያውቅም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ሰዎች ከ«ላይት» (light)፣ ከብርሃን ጋር ስለተመሳሰለባቸው ጂ እና ኤችን ጨመሩለት። ደስታ ከብርሃን ፊደል ተበደረ። ይኼን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የታወሱኝ እርስዎ ነዎት።

ለንባብዎ የሚረዳዎትንም ልንገርዎ። ቃሉ በጂ እና በኤች ከጀመረ ገ ይሆናሉ፣ «ጎስት» (ghost) እንደሚለው። ከአይ ቀጥለው ከመጡ ዝም ነው፤ «ሃይ» (high)፣ «ላይት»፣ «ኤይት» (eight)፣ «ኔበር» (neighbor) ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ቲ ሲከተላቸውም ዝም ይላሉ፤ ከሚያውቋቸው ቃላት ውስጥ እንቢ የሚሉት «ላፍተር» (laughter) እና «ድራፍት» (draught) ናቸው። በፍ ከሚያልቁት ውስጥ በየቀኑ የሚገጥሙዎት አምስት ብቻ ናቸው፦ «ላፍ» (laugh)፣ «ኮፍ»፣ «ራፍ» (rough)፣ «ታፍ»፣ «ኢናፍ» (enough)። የቀሩትን ለአሁኑ ይተዋቸው።

እነዚህን ፊደላት እናውጣቸው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አሜሪካኖችም ማረሻ ከሚለው ቃል (plough) አውጥተዋቸው plow ብለው ይጽፉታል። እኔ ግን ሠን ካስተማሩኝ ሰው ጋር ነኝ። «ሳይት» የሚለው ቃል ማየት (sight) ይሁን ቦታ (site) ጆሮ አይለየውም፤ ዐይን ግን ጂ እና ኤችን አይቶ ማየት መሆኑን ወዲያው ይለያል። ሠረቀ እና ሰረቀ ማለት እኮ ነው።

እና አባባ፣ ደብተሩን አይጣሉት። ያ ገጽ ላይ ሰርዘው ያለፉትን እንደገና ይክፈቱት፤ እሑድ ስደውልልዎት ከ«ዶው» እስከ «ባው» ያሉትን አምስቱን ቃላት ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ። ይኼን ደብዳቤ ስጽፍም የትኛው ሀ፣ የትኛው አ እንደሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ተጠራጥሬያለሁ። ቀዩ እስክሪብቶ ካለ ይክበቡልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ