የጎንደር ግንቦች ሥራ ይሰጣቸው
ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን

ጤና ይስጥልኝ።

በቅርብ ዓመታት ለፋሲል ግቢ ስለተደረገው ሰፊ ጥገና ምስጋናዬን ላስቀድም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግንቦቹ ላይ የተለሰነው ሲሚንቶ ያመጣውን መዘዝ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ሲሚንቶ እርጥበት ያፍናል፣ ኖራ ግን ያስተነፍሳል። ያንን በኖራ ለማረም ስንት ዓመት ፈጀ!

የእኔ ጥያቄ ከጥገናው በኋላ ስላለው ነው። ክፍሎቹ ምን ይሥሩ? ጎብኚ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። ማታ በሩ ይቆለፋል። ማንም የማይውልበት ክፍል ጣሪያው ሲያፈስ ቶሎ የሚያይለት የለም።

የፋሲለደስን መዋኛ ተመልከቱ። በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። ስለዚህ ጥር ሳይደርስ ቦዩም ግድግዳውም የግድ ይታያል። ሥራ ስላለው ጠያቂ አለው።

ግቢው ውስጥ ያለው የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትም እንደ ስሙ አንባቢ ይግባበት። ዋናዎቹን የብራና መጻሕፍት እርጥበት እንዳይነካቸው እዚያ አታስገቡ፤ ቅጂዎቻቸው ይበቃሉ። በአፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ በኩል ደግሞ አንዳንድ ምሽት ማሲንቆ ይሰማ። ያለ ስፒከር ግን! ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ የኖራ ግንበኞች ማሠልጠኛ ነው። ኖራ ማብሰልና ማቡካት የሚችል ወጣት ጎንደር ውስጥ ካለ፣ ለእያንዳንዱ ስንጥቅ ፕሮጀክትና በጀት አንጠብቅም።

ሆቴል ይሁን የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን እባካችሁ እምቢ በሉ። ሻወር ማለት ቧንቧ ነው፣ ወጥ ቤት ማለት ጭስ ነው። ሁለቱም ግድግዳ መብሳት ይፈልጋሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ሥልጣኑን ለእናንተ ሰጥቷል። ተጠቀሙበት።

ጉዛራንም አትርሱት። እንፍራዝ አጠገብ ጣናን ቁልቁል እያየ የቆመው ይህ ግንብ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው። ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ከመቆርቆራቸው በፊት የተሠራ መሆኑ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገደኛ ግን አብዛኛው ሳያውቀው ያልፋል። መንገዱ ዳር አንድ ምልክት፣ ትንሽ ቡና ቤት ከግንቡ ራቅ ብሎ፣ አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ቢሆኑ ለመጀመሪያ በቂ ነው። ገቢ ያየበት ጎረቤት ድንጋዩን አያስነካም።

ለየክፍሉ ያሰባችሁትን አገልግሎት ከመጪው ክረምት በፊት ለጎንደር ሕዝብ አሳውቁን። አስተያየት የምንሰጥበት ቀንም ቁረጡልን።

ከአክብሮት ጋር