ሐምሌ ስትመጪ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹ፣ እማማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? በሐምሌ ለሥልጠና ብሪስቶል እንደምትመጪ የላክሽው መልእክት ሲደርሰኝ ከደስታዬ ብዛት ቁጭ ብድግ ስል አመሸሁ። ድምፄ ይህን ያህል ጊዜ የጠፋው እናቴ ካረፈች ወዲህ ለማንም መጻፍ ስላቃተኝ ነው። እኔ በሌለሁበት ልቅሶ ተቀምጠሽ፣ አርባዋ እስኪወጣ ከቤታችን እንዳልጠፋሽ ወንድሜ ነግሮኛል። ይህን በስልክ ማመስገን አልሆነልኝም። ፊት ለፊት እነግርሻለሁ።

ዛሬ ግን ስለ ሳይክል ልጻፍልሽ። በዚያ የሐዘን ጊዜ ከሥራ ወጥቼ ባዶ ቤት መግባት ሲከብደኝ ሳይክሌን ይዤ ከከተማ መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ የፈለግሁት ሰው በሌለበት አልቅሼ መመለስ ነበር። እየዋለ ሲያድር መንገዶቹ ራሳቸው ልቤን ያዙት። አሁን ከዚህ አገር የምወደው ምንድን ነው ብትዪኝ፣ በመንደርና በመንደር መካከል የሚሄዱትን ጠባብ የገጠር መንገዶች ነው የምልሽ። ስለዚህ አንዱን ነፃ ቅዳሜሽን ለንደን ውስጥ ስትጋፊ እንድታሳልፊው አልፈልግም። ለእኔ ስጪኝ።

ከብሪስቶል ወደ ባዝ፣ ወደ እኔ ለመምጣት ባቡር እንኳ አያስፈልግሽም። በሁለቱ ከተሞች መካከል 21 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ መኪና ድርሽ የማይልበት የሳይክልና የእግረኛ መንገድ አለ። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። የመንገደኛ ባቡሩ በ1966 ቆመ፤ ከ1979 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ደግሞ የብሪስቶል ሳይክል ወዳጆች በጎ ፈቃደኞችን አስተባብረው ሐዲዱ የነበረበትን መሬት መንገድ አደረጉት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ባሕር ዳር ያደገ እግር አይቸገርበትም። ባዝ መግቢያው አካባቢ ጃንሆይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ የሚባለው ቤት አለ። በ1958 ለከተማው አረጋውያን እንዲሆን ሰጥተውታል። የደረስሽ ዕለት እወስድሻለሁ።

ዋናው የቅዳሜው ጉዞ ነው። ጠዋት ሳይክላችንን ባቡር ላይ ጭነን ቺፕነም እንወርዳለን፤ የደቂቃዎች መንገድ ናት። ከዚያ በዊልትሸር መንደሮች እየተጠማዘዝን ወደ ባዝ እንመለሳለን። ጠቅላላው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አትደንግጪ፣ ቀኑ ሰፊ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ተኩል ገደማ ነው።

መጀመሪያ ካስል ኩም። በዛፍ ጥላ ስር ፍሬን እየያዝን ቁልቁል ስንወርድ መንደሩ ከሸለቆው ሥር ብቅ ይላል፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ድንጋይ የሆኑ ቤቶች፣ በመጨረሻም ድልድይና ጅረት። በመካከለኛው ዘመን በሱፍ ሽመና የከበረ ቦታ ነበር። ንግዱ ወደ ሌላ ሲዞር ገንዘቡም ተከትሎት ሄደ፤ የቀረው ሰው ቤቱን አፍርሶ በአዲስ የሚተካበት አቅም አልነበረውም። ዛሬ ሰው ከዓለም ዙሪያ መጥቶ ፎቶ የሚነሳበት ውበት ከዚያ የተረፈ ነው። ረፋድ ላይ ስለሚጨናነቅ ማልደን መድረስ አለብን። እኔ ግን ከእሱ ይልቅ ቀጥሎ ያለውን ቢድስተንን አስበልጣለሁ። መሃሉ ላይ ሰፊ መስክ፣ ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬ፣ ዙሪያውን ቤቶች። ሣሩ ላይ ተቀምጠን ቁርሳችንን የምንበላው እዚያ ነው።

በዚህ በኩል ሳልፍ ሁልጊዜ የምቆምበት አንድ የእርሻ በር አለ። በድንጋይ አጥሩ ላይ ክዳን ያለው የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል፤ ውስጡ የዶሮ እንቁላል፣ ከጎኑ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ዋጋው በእጅ ተጽፎ። ሻጭ የለም፣ ጠባቂም የለም። ሳንቲምሽን ጥለሽ እንቁላልሽን ወስደሽ ትሄጃለሽ። አንዴ ጣሳው ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም ብሎ አይቼዋለሁ፤ የነካው ግን አልነበረም።

ቀጥሎ ሌኮክ ነው። መንደሩ ከነገዳሙ ከ1944 ጀምሮ በቅርስ ጠባቂ ማኅበር እጅ ስለሆነ በየመንገዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንኳ አታዪም። ገዳሙ የቀረው በስሙ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መኖሪያነት ተቀይሯል። ፎክስ ታልቦት የሚባለው ሰው በ1835 የዚህን ቤት አንድ መስኮት ፎቶ አነሳ። ያቺ ቴምብር የምታህል ወረቀት እስከ ዛሬ ካሉት የፎቶ ኔጌቲቮች ሁሉ አንጋፋዋ ናት። መስኮቱ አሁንም እዚያው አለ። ቆመሽ ታዪዋለሽ።

ከዚያ እስከ ብራድፈርድ ኦን ኤቨን ያለው መንገድ እርሻ ለእርሻ ነው፤ ግራና ቀኙ ከቁመትሽ በላይ የሆነ የቁጥቋጦ አጥር፣ በበሮቹ ክፍተት ቢጫ እያለ የመጣ ገብስ። ብራድፈርድ ላይ 1,000 ዓመት ገደማ የሆናት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጠባብ፣ ረጅም፣ ጨለም ያለች ናት። ቤተ ክርስቲያንነቷ ተረስቶ ትምህርት ቤትም መኖሪያም ሆና ኖራ በ1850ዎቹ ነው ምንነቷ የታወቀው። እናቴን አስቤ ጧፍ ባላበራባትም ሁልጊዜ ገብቼ ጥቂት እቀመጥባታለሁ።

ከብራድፈርድ የውሃ ቦዩን ይዘን እንመለሳለን። እዚህ ላይ ነው ይህ ጸጥታ ከየት እንደመጣ የሚገባሽ። ቦዩ በ1810 ሲያልቅ የለንደንና የብሪስቶል ሸቀጥ በጀልባ ይመላለስበት ጀመር፤ ጀልባውን በዳር እየሄደ በገመድ የሚጎትተው ፈረስ ነበር፣ እኛ የምንነዳበትም ያ የፈረስ መንገድ ነው። በ1841 ባቡሩ መጣና ሥራውን ወሰደበት። ቦዩ ደርቆና ተደርምሶ ኖሮ በበጎ ፈቃደኞች ትግል በ1990 ዳግም ተከፈተ። ባቡሩንም በተራው መኪና ቀማው፤ ብዙ ሐዲድ ተነቀለ። ደንዳስ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆመን እናያለን። ድልድዩ ቦዩን ከነጀልባው ተሸክሞ ከኤቨን ወንዝ በላይ ያልፋል፣ ከሥሩ ባቡሩ ይሄዳል፣ ከጎኑ ዛፎቹ ውስጥ የመኪናው መንገድ ይሰማል። እኛ የምንሄድበት ሁሉ ጫጫታው አንድ ጊዜ አልፎበት ትቶት የሄደ ነው። ሽመናው፣ ፈረሱ፣ ባቡሩ እየተነሱ ሲሄዱ መንገዱን ለሳይክልና ለእግር ተዉት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ባዶ መንገድ ሳይ ባዶ አይመስለኝም።

መጨረሻ ላይ ከቦዩ ወጥተን በሚድፈርድ በኩል ወደ ዋሻው እንገባለን። 1,672 ሜትር ይረዝማል፣ በ1966 የተዘጋ የባቡር ዋሻ ነው። በ2013 ለሳይክል ተከፈተ። ውስጡ መብራት አለው፤ መሃል ላይ ከግድግዳው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይሰማል። በበጋም ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ እንዳትረሺ። ሌላ አጭር ዋሻ አልፈን ስንወጣ ባዝ ነን።

ስለ መኪና እንደምትሰጊ አውቃለሁ። እዚህ በግራ ነው የሚነዳው፤ የመጀመሪያው ቀን ከቤቴ አጠገብ እናለማምድሻለን። ትልልቆቹን መንገዶች እንሻገራቸዋለን እንጂ አንነዳባቸውም። የጥንቱን የለንደንና የባዝ ጎዳና፣ ኤ4ን እንኳ ወርደን፣ ግራ ቀኝ አይተን በእግር እንሻገረዋለን። መንገድ የምመርጠው ከስልክ ይልቅ በወረቀት ካርታ ነው፤ ስልኩ አጭሩን ይሰጥሻል፣ ካርታው ጥሩውን ያሳይሻል። በካርታው ላይ ቢጫዎቹን ትከተያለሽ፤ ከ4 ሜትር የሚጠብቡት ለብቻቸው በቀጭኑ ስለተሳሉ እነሱን ፈልጊ። ቢጫው ላይ አንድ ቀስት ካየሽ ዳገቱ ከ14 በመቶ ይበልጣል፣ ሁለት ቀስት ከሆነ ከ20 በመቶ ይበልጣል። ሁለት ቀስት ያለበትን ሆን ብዬ አስቀርቻለሁ። ፈረስ ጋላቢ ካገኘን ከሩቅ ድምፃችንን አሰምተን፣ ቀስ ብለን፣ ራቅ ብለን እናልፋለን። ፈረሱ የሰው ድምፅ ሲሰማ አይደነብርም።

ሐምሌ ጥሩ ወር ነው። ከነሐሴ በኋላ ገበሬው የአጥሩን ቁጥቋጦ በማሽን ሲከረክም እሾሁ አስፋልቱ ላይ ይበተናል፤ ያኔ ጎማ ስትለጥፊ ነው የምትውዪው። እዚህ እንደኛ በየማዕዘኑ ጎሚስታ የለም። ቢሆንም መለዋወጫ ካላማዳሪና ፓምፕ እይዛለሁ። የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚያዝያ የሸለቆው ደን በሙሉ በዱር ነጭ ሽንኩርት ይሸፈናል፣ ሳታዪው በፊት ሽታው ነው የሚቀበልሽ። ያ ያመልጥሻል። የአጥሩ ጥቁር እንጆሪም ገና አረንጓዴ ይሆናል።

ቤዛዊት ዳገት ላይ፣ በሰዓት በተከራየናት ሳይክል ኋላዬ ተቀምጠሽ "በርቺ፣ በርቺ" ስትዪኝ የነበረውን ታስታውሻለሽ? አሁን ለየብቻችን ሳይክል ይኖረናል። የምከራይልሽ ልክሽ እንዲሆን ቁመትሽን በሴንቲ ሜትር ላኪልኝ። ነፃ የምትሆኚበትንም ቅዳሜ ቶሎ አሳውቂኝ፤ ባቡሩ ላይ የሳይክል ቦታ አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። ዝናብ ከሆነ ወደ እሑድ እናዞረዋለን።

እማማን ሳሚልኝ። ክፉ አይንካችሁ።

የምትወድሽ እህትሽ
ከባዝ