የእባብ መርዝ ማርከሻው የት እንዳለ ገበሬው ይወቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ኅዳር በገባ ቁጥር ስለ ምርት አሰባሰብ ብዙ ትጽፋላችሁ። ሰብሉ ዝናብ ሳይመታው ይነሣ የሚለው ምክር ተገቢ ነው። አጫጁ ራሱ እባብ ቢነድፈው ምን እንደሚያደርግ ግን ተጽፎ አላየሁም።

ዘንድሮ አክስቴን ልጠይቅ ከደጀን ዝቅ ብሎ ወዳለው የዓባይ ቆላ ወርጄ ነበር። ጤፉ ታጭዶ ነዶው ወደ አውድማ ይጓጓዛል። አክስቴ ጎንበስ ብላ ነዶ ልታነሣ ስትል ባሏ «እጅሽን! እጅሽን ሰብስቢ!» ብሎ ጮኸ። ከነዶው ሥር እፉኝት ተጋድሟል፤ አጭር፣ ወፍራም፣ መልኩ ከገለባው የማይለይ። ስንቀርበው እንኳ አልሸሸም። ሰውነቱን ነፍቶ እንደ ወናፍ መተንፈስ ጀመረ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ብዙው እባብ ኮቴ ሲሰማ ገለል ይላል፣ እፉኝት ግን መልኩን ተማምኖ ባለበት ይተኛና የረገጠውን ወይም የጨበጠውን ይነድፋል። አገሬው ደግሞ የሚያጭደው በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። እባቡ ከተገደለ በኋላ «ነድፏት ቢሆን ወዴት እንወስዳት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ጤና ጣቢያ አለ፣ ሌላው ደብረ ማርቆስ። አንድ አባት ደግሞ «መጀመሪያ ከላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ በምላጭ መብጣት» አሉ። ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስጠይቅ ነርሷ «ማርከሻ የለንም፣ ሪፈር ነው የምንጽፈው» አለችኝ። የተላከው ሰው እዚያ መድኃኒቱን ያገኝ እንደሆነ እሷም አታውቅም። በእሷ አልፈርድም፤ የነገራት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው በዚህ ይሞታል፤ እጅ እግሩን የሚያጣውና አካሉ የሚጎድለው የዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረውን አንድ የታወቀ ማርከሻ አምራቹ የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረት አቆመ፤ አያዋጣኝም ብሎ። ገዥው ድኻ ገበሬ ሲሆን እንዲህ ነው። ቢሆንም በቆላ ማከም አይቻልም የሚለኝን አልቀበልም። የጎጃም ልጆች ለሰሊጥ አጨዳ በሚወርዱበት በአብዱራፊ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የተነደፉ ሰዎችን ሲያክም ቆይቷል።

ስለ ማሰሩና ስለ መብጣቱ ዝም ማለት አልችልም። የእፉኝት መርዝ ሥጋን የሚያበሰብስ ነው። ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፣ መርዙም እዚያው ተጠራቅሞ ይፈጃል፤ ነፍሱ የተረፈው ሰው እግሩን ያጣል። ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግም በምላጭ የተበጣ ቁስል ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም ሆነ በአፍ መምጠጥ መርዙን አያወጣውም። የተነደፈውን ሰው ማረጋጋት፣ ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት ማውለቅ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ በእግሩ ሳያስኬዱ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። የዐይኑ ቆብ ከወደቀ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ መርዙ ትንፋሽ የሚያቆመው ዓይነት ነውና ጊዜ የለም።

መንገዱ በደኅናው ቀን እንኳ ረጅም ነው፤ መኪና በማይገኝበት ቀን ደግሞ መድኃኒቱ ወደሌለበት ሆስፒታል ሰው ተሸክሞ መሄድ ግፍ ነው። ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አጨዳ ሳይጀመር ማርከሻው በየትኛው ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ እንዳለ ደውሎ ያረጋግጥ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይንገር፣ ቀበሌ ላይ ይለጥፍ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነገርለት። የትም ከሌለም የለም ብሎ ለዞኑ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ እንዲገዛም ይጠይቅ። እናንተም የሆስፒታሎቹን ስምና ስልክ ከየወረዳው ጠይቃችሁ በጥቅምት ወር ብታትሙልን፣ ጋዜጣው ቆላ ባይደርስ እንኳ በስልክ የምናስተላልፈው እኛ አለን።

ከአክባሪ አንባቢያችሁ
ደብረ ማርቆስ