«የአካባቢው ወጣቶች» ስለተባልነው ሰዎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ ላይ ስለቀረበው የአርቲስቷ ትርኢት ያወጣችሁትን ዘገባ ያሳየችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ወጣት ተብለሃል» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ዘገባው «በአካባቢው ወጣቶች ታጅባ» ይላል። ከአጃቢዎቹ አንዱ፣ ድቤ መቺው፣ እኔ ነኝ። ዕድሜዬ 46 ነው። ማሲንቆ የያዘው ወዳጄ የልጅ ልጅ አይቷል። የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ ከሰባታችን በዚህ ሒሳብ የምታልፈው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ለዕድሜ ቅናሹ እናመሰግናለን።

ለእንግዳዋ አራት ማዕረግ ደርድራችሁላታል፦ ድምፃዊት፣ ተዋናይት፣ ገጣሚ፣ የሴቶች መብት ተሟጋች። ይገባታል። ሦስት እርምጃ ከኋላዋ ቆሜ ስለነበር ያለዕድሜዋ የምትዳረዋን ልጅ ሆና ስትሠራ አዳራሹ እንዴት ጸጥ እንዳለ አይቻለሁ። እሷን ማንም በዚህ ደብዳቤ እንዳይቀየማት፤ መድረክ ላይ ሰባታችንንም በስማችን እየጠራች ያስጨበጨበችልን ራሷ ናት። የዘጋቢያችሁ መቅረጫ ባትሪ የጨረሰው ልክ ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ያንገበገበኝ ግን «ጥበብን ከማኅበራዊ ትግል ያዋሃደ፣ ለከተማዋ አዲስ የሆነ አቀራረብ» የምትለዋ ናት። አዲስ ለማን?

በ1992 ዓ.ም. የ20 ዓመት ልጅ ሆኜ (ያኔ በእርግጥ የአካባቢው ወጣት ነበርኩ) የቀበሌያችን ፀረ ኤድስ ክበብ ገባሁ። በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር፤ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። እኛ ሰኞ ሰኞ፣ ሰኞ ገበያ ሲሞላ ድቤ እንመታለን፤ ሰው ሲከበን ድራማ፣ ከድራማው መሃል ግጥም፣ ከግጥሙ እስክስታ፣ እስክስታው ሲደምቅ ቀጥ አድርገን «ኮንዶም!» እንላለን። እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ግን አይሄዱም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደንም ኮምቦልቻ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያድሩበት ሰፈር ሠርተናል።

በዚያው ዓመት የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ሲያደርግ ደግሞ ኩታበር ድረስ ሄደን ተውነናል። ሙሽራዋ እኔ ነበርኩ። ሴት ልጁን መድረክ ላይ የሚያወጣልን ወላጅ ከየት ይምጣ! አንድ አባት መሃል ላይ ተነስተው «ይቺ ጢማም ሙሽራ ለማን ልትዳር ነው?» አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን እስኪያልቅ ቆመው አዩ። ክፍያችንንም ልንገራችሁ፦ አንድ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት በኤድስ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አሠርቶን ካናቴራ ሰጠን። ሁሉም ትልቁ ቁጥር ነበር፤ እናቴ ለሌሊት ልብስ አደረገችው። ገጣሚ፣ ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥ፣ መካሪ፣ ሙሽራ ሆኜ ስኖር ሁለገብ ያለኝ የለም።

ለነገሩ ወሎ ላይ ዜማንና ምክርን ማዋሃድ አዲስ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? መንዙማ ምን ሊባል ነው? አውጪው ያዜማል፣ ተቀባዩ ያጨበጭባል፣ ድቤው ይመታል፤ በዚያ መሃል ሃይማኖት ይማሩበታል፣ ችግር ያወሩበታል። ላልተማረው በቃል፣ ለተማረው ደግሞ አማርኛውን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀም ጽፈው። የሼህ ሁሴን ጅብሪል ስንኝ እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። ማዕረጋቸውን በካርድ ስላላሳተሙ ይሆን?

በ2013 መጨረሻ የደሴ ትምህርት ቤቶች በጦርነቱ ተፈናቃይ ሲሞሉ በየክፍሉ እየዞርን ለልጆቹ ተረት ተጫውተናል፤ ዘጋቢ አላየንም። በ2014 ጥቅምት እኛም ተፈናቀልን። ድቤዬን ተሸክሜ ሐረጎን በእግሬ ወረድኩ። ስመለስ ድቤው በእጄ አለ፤ ቤቴ ግን በር አልነበረውም። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ «አዲስ» የምትለዋን ቃል ስታነሱ እንድትጠነቀቁ ነው።

ሌላም ስሕተት አለ፤ ትንሽ ብትሆንም ማሲንቆ መቺውን እንቅልፍ ነስታዋለች። «በትዝታ» ያላችሁት ዜማ አምባሰል ነው። የሚያስተክዝ ሁሉ ትዝታ አይደለም። ስሙን ከዚሁ ከጎረቤታችን ተራራ የወሰደ ቅኝት ደሴ ላይ ተቀምጦ መሳት ያሳፍራል።

ዘጋቢያችሁ የአይጠየፍንም ፎቶ ከዘገባው ጋር አውጥቷል። ደግ አደረገ፤ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉን ያበላ ስለነበር አይጠየፍ ተባለ ይላሉ አባቶች። የስሙን ነገር ጠይቆ ቢሆን ሌላው ዘገባ ራሱ ይስተካከል ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሰባታችን ስም እንግዳዋ ዘንድ አለ፤ ተጽፎ ሁለት መስመር ቢሞላ ነው። እርማት ስታወጡ «ወጣት» የሚለውን ለዚያች ልጅ ብቻ ተዉላት፤ ፎቶውንም ሳትቆርጡ ድገሙት። በስተቀኝ ጫፍ እጁ ብቻ የቀረው ሰው እኔ ነኝ።

ድቤ መቺው
ሰኞ ገበያ፣ ደሴ