ቅጠሉን ለመሬቱ ተዉለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባሕር ዛፍ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው፤ «መሬት ይመጥጣል፣ ውሃ ይጨርሳል፣ ይነቀል»። ይነቀል ማለት ቀላል ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ልጅ ሲዳር የሚሸጠው እኮ እሱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከቆረጣው በኋላ የሚሆነው ነው።

ነጋዴው በቁሙ ይገዛል። ወራጁ፣ ማገሩ፣ አጣናው ተለይቶ ይጫናል። ከዚያ ጭራሮው ይለቀማል። ቅጠሉ ተጠርጎ ጆንያ ውስጥ ይታጨቃል። ልጣጩም አይቀርም። ጉቶና ባዶ አፈር ብቻ ይቀራል። በሚቀጥለው ዙር የሚያቆጠቁጠው ሲቀጥን ደግሞ ዛፉ ይወቀሳል።

ዛፉ ከአፈር የሚመገበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በኪሎ ሲታሰብ ከግንዱ ይልቅ በጣም የሚበዛው ቅጠሉ ላይ ነው። ልጣጩ ደግሞ ካልሲየም አለው። ግንዱን መሸጥ መሬቱን ያን ያህል አይጎዳውም። የሚጎዳው ጠረጋው ነው።

ፊንላንድና ስዊድን ይህን ፓይን በሚባለው ባለ መርፌ ቅጠል ዛፍ ደኖቻቸው ላይ ለአሥርት ዓመታት ሞክረውታል። አገሩ ብርድ ስለሆነ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ አፈሩም ናይትሮጅን ያጥረዋል። ደኑን ሲያሳሱ ግንዱን ብቻ ያወጡበትን ቦታ ከነቅርንጫፉ ካወጡበት ጋር አወዳደሩ። ሁሉም በተወሰደበት ቦታ የቀሩት ዛፎች እድገት ቀነሰ። ቅናሹ ትንሽ ነው፣ አላጋንንም። ግን እነሱ አንድን ደን ጨርሰው የሚቆርጡት ከ60 ወይም ከ80 ዓመት በኋላ ነው፤ እኛ በአምስት በስድስት ዓመቱ። እንዲያም ሆኖ በፊንላንድ ከቅርንጫፉ 30 በመቶ ያህሉ እዚያው እንዲቀር ይመከራል። የሚወሰደውም ቅጠሉ እስኪረግፍ ቢደርቅ ይመረጣል። ስዊድን ደግሞ የተወሰደው ቅርንጫፍ ከተቃጠለ በኋላ አመዱ ወደ ደኑ እንዲመለስ ትመክራለች።

«ታዲያ እንጀራው በምን ይጋገር?» የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። ለምጣድ የባሕር ዛፍ ቅጠልን የሚያህል የለም፤ ኩበት እንኳ ከማሳው ተነስቶ ምድጃ ገብቷል። ስለዚህ ሁሉንም ተዉ አልልም። ጭራሮው እዚያው ተበትኖ ይድረቅና ቅጠሉ ይርገፍ፤ ከዚያ ይወሰድ። ሁሉም ካልሆነ ሲሶው ይቅር። አጣናው እዚያው ይላጥ። ደጅ የምንደፋው አመድም ይመለስ፤ ናይትሮጅን ባይኖረውም ካልሲየምና ፖታሲየሙ አለ። ሻጩም ሲዋዋል «ቅጠልና ልጣጭ አልሸጥኩም» ይበል።

የግብርና ባለሙያዎች በየክረምቱ ለችግኝ ተከላ ይመጣሉ። በቆረጣ ጊዜም ብቅ ይበሉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን